ቀለሙ ሳይደበዝዝ የሚወርድ ታፔላ

አዘዞ ውስጥ ሱቅ ሲከፈትም ሲዘጋም ቀድመው ከሚሰሙት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ሰው ሱቅ ሊከፍት ሲያስብ መጀመሪያ ቤት ያፈላልጋል፤ ቀጥሎ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል። ሊዘጋ ሲል ደግሞ ታፔላውን አውርዶ ይዞልኝ ይመጣና "ትገዛዋለህ?" ይለኛል። ላሜራው ደህና ከሆነ እገዛዋለሁ። ዛሬ አዲስ ላሜራ የሚቀመስ አይደለም።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቆየ ታፔላ ገዛሁ። ላዩ ላይ በሰማያዊ "ሞባይል ጥገናና አክሰሰሪ" ይላል። በቲነር እያራስኩ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። ሰማያዊው ሲለቅ ከሥሩ ቢጫ ብቅ አለ፤ "ኢንተርኔት ካፌ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን"። ቢጫውን ስገፋው አረንጓዴ መጣ፤ "ቪዲዮ ቤት"። ኳስ ያለበት ቀን የማንቼና የአርሰናል ደጋፊ በር ላይ ቆሞ የሚያይበት ቤት ነበር፤ አስታወስኩት። ከሁሉም ሥር፣ ነጩ ላይ በቀይ "ሙዚቃ ቤት" የሚል ወጣ። እሱን ስፍቅ እጄ ቆመ። የ"ሙ"ን ቅጥያ አይቼ የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ሥራውን ያስተማረኝ መምህሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቅጥያውን ቀጥ አድርጎ አይተወውም ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ያነሳታል። ፒያሳ፣ ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ሠርቷቸው ከሄዱት ሕንፃዎች አንዱ ሥር በረንዳ ላይ ነበር የሚሠራው። እኔም እዚያው ቀለም እያማሰልኩ ነው ያደግሁት።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ፊደሉ አይደለም። ስለ ቀለሙ ነው። የ"ሙዚቃ ቤት"ን ቀይ ፀሐይ በልቶት ሮዝ ሆኗል። ብዙ ክረምትና ብዙ በጋ አልፎበታል ማለት ነው። የ"ቪዲዮ ቤት" አረንጓዴም እንደዚያው ተሰነጣጥቋል። ኢንተርኔት ካፌው ትንሽ ደብዝዟል። ላይኛው ሰማያዊ ግን ገና ያብረቀርቃል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ሱቁ ተዘጋ። ይኼ የአንድ ሱቅ ዕጣ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። አሁን ተፍቀው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ላሜራዎቼ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፤ ላይኛው ቀለም አዲስ፣ ሥረኛው ያረጀ።

አዘዞን ለማታውቁ፦ ከጎንደር መሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ያላችሁት አዘዞ ነው። የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ እኛ ጋ ነው የሚለያየው። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም ከእኛ አለፍ ብሎ ነው። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት አባቱ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥቱንና ገነተ ኢየሱስን ያሠራው እዚሁ አዘዞ ነው። ስለዚህ ሰው "ዳር አገር" ሲለን ቅር ይለኛል። በአየርም ሆነ በባሕር ዳሩና በመተማው መንገድ ወደ ጎንደር የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን በር ነው።

ሱቆቹ ለምን ቶሎ ቶሎ ይዘጋሉ? ብዙ ሰው "ገበያ የለም" ብሎ ያልፈዋል። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው አይደለም። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የመተማው መስመር ቀዘቀዘ፤ ለሾፌርና ለረዳት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ያኔ ነው መጎዳት የጀመሩት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የክልሉ ነገር ተበላሸና የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ አንድ ዓመት ገደማ ያለ ዳታ ኖርን። ያን ጊዜ የተጎዳውን ሰው ቆጥሬ አልጨርሰውም። እኔ ጋ ሥራ የመጣው በሌላ ምክንያት ነው፤ የባነር ዲዛይን በቴሌግራም መላላክ ስላልተቻለ ሰው ወደ ብሩሽ ተመለሰ። ሰው ከስሮ እኔ ጋ ሲመጣ ደስ አይለኝም ነበር። ሁለት ጊዜ "ይሸጣል" የሚል ጽፌ ገንዘቡን መቀበል አቅቶኛል።

እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። የሰፈራችንን ሱቅ በብዛት የሚዘጋው፣ በዓይኔ እንዳየሁት፣ ተጀምሮ የቀረ ነገር ነው። መንገድ ይጀመራል፤ ይቆማል። ቦይ ይቆፈራል፤ ይቆማል። ሕንፃ ይጀመራል፤ ይቆማል። መቆሙ አንድ ነገር ነው፤ መቼ እንደሚቀጥል የሚነግር አለመኖሩ ግን ነጋዴውን ይገድለዋል።

ከጎንደር አዘዞ ያለው ዋናው መንገድ እንዴት እንደተጓተተ ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ጭቃውን ለዓመታት ስንጋራው ኖረናል። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። እኔ ስለ አንዱ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ልናገር።

ይኼ መንገድ ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው ነው። ይሰፋል፣ ጎርፍ መውረጃ ይሠራለታል፣ ኮብልስቶን ይነጠፋል ተባለ። ሁላችንም ደስ አለን። ኤክስካቫተር መጣና በሁለቱም ወገን ቦይ ቆፈረ። ወገብ ድረስ ይደርሳል። በአንደኛው ወገን ግንቡ ተጀመረና ግማሽ ላይ ሲደርስ ማሽኑም ሠራተኛውም ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ጠጠሩ ተከምሮ ቀረ፤ አሁን ሣር በቅሎበታል።

ቦዩ ዳር ባለ ዳቦ ቤት የሆነች እህት አለችን። ታፔላዋን የጻፍኩላት ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ነው፤ ቡናማ መደብ ላይ በቢጫ፤ "ትኩስ ዳቦ"። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነበራት። ቦዩ ሲቆፈር በሯ ፊት ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አጋድማ በላዩ የበር ሳንቃ ደፋችበት፤ መሻገሪያ መሆኑ ነው። ወጣቱ ይዘላል። ዘንቢል የያዘች እናት ግን አትሻገርም። ዱላ የያዘ ሽማግሌ አይሻገርም። ሕፃን ያዘለች አትሻገርም። ታዲያ ዳቦ ማን ይገዛል? ዳቦ የሚገዙት እኮ እነሱ ናቸው። ባጃጅም ከቦዩ ወዲህ አይደርስም።

አንድ ቀን "ወንድምዬ፣ ቤቱን ልልቀቀው ይሆን?" አለችኝ። ምን ልበላት? "በሚቀጥለው ወር ያልቃል" የሚለኝ ሰው ቢኖር "ታገሽ" እላት ነበር። "ሁለት ዓመት ይቆያል" ቢሉኝም "ልቀቂ፣ ወዲያ ማዶ ቤት እንፈልግ" እላት ነበር። ሁለቱንም ማወቅ አልቻልንም። እሷ ኪራይ እየከፈለች፣ ዱቄት በዱቤ እያወጣች፣ ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። በመጨረሻ ያላት ጥሪት ሲያልቅ ዘጋች። ቦዩ በተቆፈረ ማግስት ለቃ ቢሆን ኖሮ ምድጃዋን ሳትሸጥ ትሄድ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ምድጃው የተሸጠው በመጠበቅ ነው።

መንገዱ መግቢያ ላይ የፕሮጀክት ታፔላ አለ። እንደ ሙያዬ ቆሜ አነበብኩት። የፕሮጀክቱ ስም አለ። የአሠሪው አለ። የተቋራጩ አለ። የተጀመረበት ቀን አለ። "የሚጠናቀቅበት ቀን" ከሚለው አጠገብ ያለው ስቲከር ግን ተልጦ ወድቋል። ተነሥቶ ይሁን ነፋስ ወስዶት አላውቅም። ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆነን ስብሰባ ላይ ጠይቀናል። የተመለሰልን "በቅርቡ" ነው። ቆይተን ደግመን ጠየቅን፤ "በጀት ሲለቀቅ" ተባልን። በጀት እንደሚዘገይ ይገባኛል። የሲሚንቶ መኪና መንገድ ተዘግቶበት ሳምንት ሊቆም እንደሚችልም አገሬን አውቃለሁ። ግን ቢያንስ "ከመስከረም በፊት አንመለስም" ማለት ምን ያስቸግራል? ነጋዴ ክፉ ወሬም ቢሆን ቁርጡን ካወቀ መላ አያጣም። ቀኑን የሚነግረኝ ሰው ካለ ያንን ታፔላ እኔ በነፃ እጽፈዋለሁ። ቀለሙም የእኔ፣ ድካሙም የእኔ። ቀኑን ብቻ።

አሁን ወደ ሕንፃው። ማዞሪያው ጋ ያለው ጅምር ሕንፃ ጂ ፕላስ ፎር ተብሎ ነበር የተጀመረው። ሁለተኛው ሶሌታ ላይ ቆሟል። ከኮለኖቹ አናት የወጣው ፌሮ ዝጎ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግድግዳው ላይ ቡኒ መስመር ይወርዳል። ባለቤቱን አውቃቸዋለሁ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእህል ንግድ ያጠራቀሙትን ነው ያፈሰሱበት። አንዳንዱ "ሌላው ተቸግሮ እሱ ፎቅ ይሠራል" ሲላቸው እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ ማሰብ አልችልም። ሰውዬው ፎቁን ሲጀምሩ የነበረው ሂሳብና ዛሬ ያለው ሂሳብ ለየቅል ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ ብድር ጠያቂው ሁሉ ወረፋ ያዘ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 2016፣ የምንዛሪው ነገር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ፌሮ የሚሠራበት ብረት ከውጭ ነው የሚመጣው። መስታወቱም፣ ሴራሚኩም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውም ብዙው እንደዚያው። ጋሼ "ለአራቱም ፎቅ ያሰብኩት ገንዘብ ሁለቱን አልጨረሰልኝም" አሉኝ። በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ከቆርቆሮ አጥራቸው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሕንፃቸውን ሲያዩ ማየት ልብ ይሰብራል።

የሚገርመው ግን ጅምሩ ሕንፃ ባዶ አልቀረም። መጀመሪያ ዘበኛው ከነቤተሰቡ ምድር ቤቱ ውስጥ ገባ። ሚስቱ በጀበና ቡና ጀመረች። ከዚያ አጥሩ ሁለት ቆርቆሮ ተነቀለለትና አንድ ወጣት ጎሚስታ ከፈተ። የእሱን ታፔላ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ነው የጻፍኩለት፤ በነጭ፣ ዙሪያውን። ጎማ ላይ መጻፍ ከባድ ነው፤ ቀለሙ ይንሸራተታል፤ ሁለት እጅ ካልቀባችሁት አይዝም። ቀጥሎ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ መጣች። አሁን በክፍት ኮለኖቹ መሀል ጫማ የሚጠግን፣ ሞባይል ካርድ የሚሸጥ፣ ከሰል የሚቸረችር አለ። ጋሼ ኪራይ የሚሉት ነገር አይጠይቋቸውም። "ሰው ካለበት ሕንፃው አይሰረቅም" ነው የሚሉት። እኔ ግን ከዚህም በላይ ይመስለኛል። ሰፈሩ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ዝናብ የማያስገባ ቦታ ነው። ፎቁ አልቆ ቢሆን ኖሮ ምድር ቤቱን ባንክ ይከራየው ነበር። ዋናው መንገድ ዳር አዲስ ሕንፃ ባለቀ ቁጥር ምድር ቤቱ ባንክ ነው፤ ታፔላውም ተሠርቶ በመኪና ነው የሚመጣው። ባንክ አልጠላም፤ ብሬ ያለው እዚያ ነው። ግን ጎሚስታው የት ይሂድ? ሰፈሩን የሚያቅዱ ሰዎች ይህንን ጅምር ሕንፃ መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ለትንንሽ ሱቅ የሚሆን ጥላ ማዘጋጀት ፎቅ አይጠይቅም።

የውኃውን ሳልናገር አላልፍም፤ ሱቅ የሚዘጋው በእሱም ነውና። ውኃ በፈረቃ ነው። ፈረቃውም ራሱ አንዳንዴ ይዘለላል። ሻይ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፀጉር ቤት ያለ ውኃ ምን ይሠራል? ቢጫ ጀሪካን በጋሪ ይገዛሉ፤ ያንን ሂሳብ ሻይ ላይ ቢጨምሩት ሰው ይሸሻል፤ ባይጨምሩት ትርፋቸው ያልቃል። አንድ ጁስ ቤት የነበረ ቤት ዛሬ ሮቶ መሸጫ ሆኗል። ታፔላውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። የአንገረብ ግድብ ከዓመት ዓመት ከየተራራው ታጥቦ የሚመጣ ደለል እየገባበት ነው፤ ከተማው ደግሞ በየዓመቱ ይሰፋል። መገጭ ግድብ የተጀመረው ለመስኖም ለጎንደር የመጠጥ ውኃም ተብሎ ነው። ወንዙ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ሥራው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲጀመር የተወለዱ ልጆች ዛሬ ጀሪካን ተሸክመው ወረፋ ይይዛሉ። ሥራው ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድብ በአንድ ሌሊት አይቆምም። ሆኖም የሰፈሬ ሴቶች ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥተው ቧንቧ ሲጠብቁ በር ላይ ቆሜ አያለሁና ጉዳዩን በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ፒያሳ ስወጣ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ተስተካክሏል፤ ማታ መብራት አለ፤ የፋሲል ግቢ ታድሶ ሳይ ኮርቻለሁ። የተጀመረ ነገር ሲያልቅ ከተማ ምን እንደሚመስል ማየት ይቻላል ማለት ነው። ያንኑ ለአዘዞ የውስጥ ለውስጥ መንገድ መመኘት መብታችን ነው። ፎቅና ፏፏቴ አላልንም። ቦዩ ተገንብቶ ይከደንልን ነው ያልነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ባለፈው ክረምት ቦዩ ሞልቶ መንገዱና ጉድጓዱ አልለይ ብሎ ነበር። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ገብቶ ነበር፤ ጎሚስታው ሮጦ ጎትቶ አወጣው። ልጁ ደህና ነው፤ ደብተሮቹ ግን በጎርፍ ሄዱ። እናቱ እያለቀሰች ስትመጣ የነበርን ሁሉ ዝም አልን። በማግስቱ እኔ ባሉኝ አሮጌ ላሜራዎች ላይ በቀይ "ተጠንቀቁ፣ ጉድጓድ አለ" ብዬ ጽፌ በሦስት ቦታ ተከልኩ። ማታ ማታ ግን መብራት ስለሌለ አይታዩም፤ ደግሞም ፊደል ያልቆጠረ ልጅ አያነብም።

ስለዚህ ከሰኔ በፊት ራሳችን አንድ ነገር ልናደርግ ተስማምተናል። ቦዩን መገንባት አቅማችን አይደለም፤ ፈቃድም የለንም። ትምህርት ቤቱ በር ፊትና ዳቦ ቤት በነበረው ቤት ፊት ያሉትን መሻገሪያዎች ግን በኮንክሪት ክዳን እንሸፍናለን። እድሩ ለሲሚንቶው መዋጮ ጀምሯል። ጋሼ ከሕንፃቸው የተረፈ ፌሮ ሰጥተውናል፤ "ዝጎ ከሚያልቅ ልጅ ያሻግር" ብለው። ጠጠሩ ያው ተከምሮ የቀረው አለ፤ ለመጠቀም በደብዳቤ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። መልስ ከቀረ ከራሳችን እንገዛለን። አሸዋ ይጎድለናል። ግንበኛ አለን፤ ሙያ የማይጠይቀውን የምናግዝ ወጣቶችም አለን። አዘዞና ጠዳ አካባቢ ያላችሁ፣ አሸዋ የምታመላልሱ ካላችሁ፣ አንድ ቢያጆ፣ አንድ የመኪና ጭነት እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጅምሩ ሕንፃ ሥር ቡና ላይ እንሰበሰባለን። ከዳቦ ቤቱ ሳንቃ ይጀመር ወይስ ከትምህርት ቤቱ በር የሚለውን እዚያው እንነጋገርበታለን፤ እኔ ከትምህርት ቤቱ ባይ ነኝ።